ለወፍ ቆጣሪ ማን ይክፈል?

የገፈርሳን ግድብ የቡራዩና የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው በቧንቧ ውሃው ነው። ከባሕር ማዶ ባይኖኩላር አንጠልጥሎ የሚመጣው እንግዳ ግን የሚፈልገው ዝይውን ነው። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለው ይህ ዝይ፣ ከእኛ ደጋ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም። አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ጀርባው ላይ አስደግፎ ይቆማል፤ ሲለው ደግሞ ከግድቡ ዳር ሣር ይነጫል። የአካባቢው እረኞች የት እንደሚያድርና መቼ ጫጩት እንደሚያስከትል ከማንም በላይ ያውቃሉ። ያንን እውቀት በየዓመቱ እየቆጠረ በመዝገብ ለሚያኖር ሰው ግን የሚከፍል የለም።

በአፍሪካ ብዙው የወፍ ጥናት የሚሠራው በትንሽ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዝ አገር የተቋቋመው የአፍሪካ ወፎች ክበብ በየአገሩ ላሉ አጥኚዎች አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ገንዘቡ የአንድ ትልቅ ድርጅት የአውደ ጥናት ምሳና ሻይ ወጪ ላያክል ይችላል (በአዳራሹ ስለ ወፍ ጥበቃ ብዙ ቢወራም)። ለትራንስፖርት፣ ለቦቲ ጫማና ረግረጉን ለሚመራ እረኛ አበል ግን ይበቃል።

የትንሽ ገንዘብን ጉልበት ማየት የፈለገ ገፈርሳ ባለበት በአምቦ መንገድ አዲስ ዓለም አጠገብ ወዳለው የበርጋ ረግረግ ይሂድ። እዚያ በክረምት የምትፈለፍል፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ አለች፤ ሳይንሱ ሳሮትሩራ አይሬሲ ይላታል። በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስትፈለፍል በካሜራ እስክትያዝ ድረስ፣ መራቢያዋ የሚታወቀው በእኛ አገር ብቻ ነበር። ጎጆዋን የምትሠራው ሣር ውስጥ መሬት ላይ ስለሆነ፣ ከብት ቀድሞ ከገባ ወይም ሣሩ ቀድሞ ከታጨደ እንቁላሏ ይረገጣል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከገበሬው ጋር በመስማማት ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የአካባቢውን ሰዎች በወፍ ወዳጅነት አደራጀ፤ የደቡብ አፍሪካ ወፍ ወዳጆችም ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ አዋጡ። ግጦሹን ለወፏ ሲል ያዘገየ ገበሬ ልጁ ሲማርለት ማየቱ ተገቢ ነው፤ እኔ ትክክለኛ የጥበቃ ወጪ የምለው ይህን ነው።

ይህችው ወፍ የሱሉልታ ሜዳ ረግረግም እንግዳ አልነበረችም። ዛሬ ሜዳውን አጥርና ግንባታ እየከፋፈለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ከተማ ሲሰፋ ረግረግ «ባዶ መሬት» ተብሎ መቆጠሩ ይቀላል። ባዶ አለመሆኑን የሚያስረዳው ደግሞ ቆጠራ ነው። ቁጥር በሌለበት የሚከራከር ሰው፣ ካርታ ይዞ በመጣ ባለሀብት ይረታል።

የውጭ ለጋሾች ይርዱን፤ አይከፋም። ግን ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲያልቅም ሪፖርቱ ወደ ለጋሹ እንጂ ወደ ቀበሌው አይመጣም። ገፈርሳንና ሱሉልታን ለማስቆጠር እንግሊዝ ድረስ እጅ መዘርጋት ያሳፍራል።

የውሃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል። የሱሉልታን ውሃ በጠርሙስ የምትሸጡ ፋብሪካዎች፣ የሸገር ከተማ አስተዳደርም፦ ለአንድ የባዮሎጂ ምሩቅና ለሁለት እረኞች የቆጠራ አበል መድቡ፤ ውጤቱንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቀበሌው በር ላይ ለጥፉት።