ጓደኛ ወይስ ጓዝ?

ሦስት ሆነን አንድ ላፕቶፕ እንከባለን። አንዳችን ማውሱን ይይዛል፤ ሁለታችን «በግራ ግባ! ኧረ አትግደለው!» እያልን እንጮሃለን። የእንጅባራ ብርድ አይጣል ነውና ጋቢ እንጋራለን። ከዚያ መብራት ይሄድና ክርክሩ ይጀመራል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የተወለደ ነው፤ ጥያቄውም ይህ ነው፦ «ሮል ፕሌይንግ» በሚባሉት ጌሞች ውስጥ ጀግናውን አጅበው የሚጓዙት ጓደኞች እንዴት ተጻፉ?

«ጌም ደግሞ ምን ሥነ ጽሑፍ አለውና!» የሚሉን አሉ። መልሳችን አጭር ነው። ሰው ተቀርጾ አንደበት ከተሰጠው፣ ቀረጻው ይመዘናል።

እንመዝን። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው «ስካይሪም» ሊዲያ የምትባል ጋሻ ጃግሬ ትሰጠናለች። ልትጠብቀንና ሸክማችንን ልትሸከም መማሏን ትነግረናለች፤ እኛም የተረፈንን ጎራዴና ጥሩር ሁሉ እንጭንባታለን። ምን ትፈራለች? ማንን ትናፍቃለች? ጸጥ! ይህች ጓደኛ ሳትሆን ጓዝ ናት።

«ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» (2009 እ.ኤ.አ.) ሻል ይላል። አሊስተርና ሞሪጋን ይቆጣሉ፣ ያሾፋሉ፣ እርስ በርስ ይናከሳሉ። ምን ያደርጋል! ፍቅራቸው በቁጥር ይለካል፤ ስጦታ ስንሰጣቸው ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህ ነገር በኛ አገር ስም አለው፤ ጉቦ ይባላል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ተረት ለሎሌ ይሠራ ይሆናል፤ ለጓደኛ ግን አይሠራም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ምን ዋጋ አለው?

የተሻለ አልተጻፈም አንልም። በ«ባልዱርስ ጌት 3» (2023 እ.ኤ.አ.) የተጠለሉትን ስደተኞች ብናስፈጅ ካርላክና ዊል ጥለውን ይሄዳሉ። በ«ዲስኮ ኢሊዚየም» (2019 እ.ኤ.አ.) ደግሞ መርማሪው ኪም ኪትሱራጊ ማስታወሻውን ይዞ ዝም ብሎ ሲያየን ብቻ እናፍራለን። የራሱ ሥራና የራሱ ክብር አለዋ!

ታዲያ ይህን ለመማር ባሕር መሻገር ያስፈልጋል ወይ? ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከቡሬ ቀጥሎ ማንኩሳ አለች፤ የበዛብህ አገር። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሳ የበዛብህ ወዳጅ ነው፤ ጓዙ ግን አይደለም። ከመኳንንት ዘመዶቹ ጋር የራሱ ሙግት አለው፤ «ጉዱ» ያሰኘውም ይኸው ነው። መለኪያችን እንግዲህ ይህ ይሁን፦ ባለታሪኩን ከታሪኩ አውጣው፤ ጓደኛው በእግሩ ይቆማል? ጉዱ ካሳ ይቆማል። ሊዲያ ትወድቃለች።

ሰው ይቅርና ፈረስም ይታይ። «ዘ ዊቸር 3» (2015 እ.ኤ.አ.) ላይ ጀግናው ሲያፏጭ ፈረሱ ከየትም ብቅ ይላል፤ ለሚጋልባቸው ፈረሶች ሁሉ የሚሰጠውም ያንኑ አንድ ስም ነው። በኛ ዘንድ ግን ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ሲወጣ ያየ፣ ፈረስ እንደ ጓድ እንጂ እንደ ዕቃ እንደማይያዝ ያውቃል።

ነቀፌታው ወደ ራሳችንም ይዞራል። እኛ በምንጽፋቸው አጫጭር ልቦለዶች ውስጥ የባለታሪኩ ጓደኛ ሥራው ምንድን ነው? ሻይ ማምጣትና የፍቅር ብሶት መስማት! የራሱ ናፍቆት፣ የራሱ ዕዳ፣ የራሱ እምቢታ የለውም። ነገ ጌም በአማርኛና በአዊኛ የምንጽፈው እኛው ነን፤ ይህን በሽታ ይዘን እንዳንገባ። አጠገባችን ያለውን ሰው በወረቀት ላይ ጓዝ ማድረግ የለመደ እጅ፣ ከወረቀት ውጪም ያንኑ ያደርጋልና።

ለዚህም ነው ክርክሩ በጌም ተጀምሮ በኛው መሀል ያለቀው። ሁለታችን ከኋላ ሆነን ስንጮህ የከረምነው ለካ ሊዲያ ሆነን ኖሯል። እንግዲህ መብራት ሲመጣ ማውሱ እጅ ይለውጥ!