ሽሮ ቤቶቹ ይነሡ ለምትሉ



መንገድ ዳር ያሉት ሽሮ ቤቶች «ጭስና ፍሳሽ አበዙ፤ ይነሡልን» ተብሎ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። እኛ አንፈርምም። የቀን ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የታክሲ ረዳቱ ምሳውን የት ሊበላ ነው? ሆቴል ገብቶ ጥብስ ቢያዝ የቀን ገቢው እዚያው ቀረ። «ቤቱ አብስሎ ይብላ» ይሉናል ደግሞ! በአዲስ አበባ ኪራይ አምስት ሆኖ በአንዲት ክፍል የሚያድር ሰው ምድጃውን የት ያኑር?

የሚቀርበውስ በየጓዳችን የሚንተከተከው ሽሮ አይደለም እንዴ? አተርና ሽምብራው ከበርበሬው ጋር ተፈጭቶ፣ ረቡዕና ዓርብ በዘይት፣ በፍስክ ቀን በቅቤ። እንግዳ ድንገት ሲመጣብን እንጀራ ፍለጋ የምንሮጠውም (ስም አንጠራም) ወደነዚሁ ሴቶች ነው።

ጭሱን አንክድም። ጭስ ማውጫ ይበጅ፣ ፍሳሹም ቱቦ ይግባ። ፊርማ ሰብሳቢዎቹ ቅዳሜ ጧት ይምጡና ወጪውን አብረን እንተምን።