ሦስት ቦታ ይበቃል

ደቡብ ሕንድን ለማየት ያሰቡ ወዳጆቼ ዕቅዳቸውን ሲያሳዩኝ ቅር ይለኛል። ቼናይ፣ ካንቺፑራም፣ ማሃባሊፑራም፣ ታንጃቩር፣ ማዱራይ፣ ከዚያም ኡቲና ሙናር፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት! እንዲህ ያለ ጉዞ መኪና ውስጥ ተጀምሮ መኪና ውስጥ ያልቃል።

የደቡብ ሕንዷ የታሚል ናዱ ግዛት ቤተ መቅደሶች ዛሬም አምልኮ የሚፈጸምባቸው ስለሆኑ በራሳቸው ሰዓት ነው የሚሠሩት። አብዛኞቹ ቀትር ላይ ተዘግተው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይከፈታሉ። የሚጣደፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሩ ሲዘጋ ነው፤ ጫማ አውልቆ የሚረግጠውም ፀሐይ ያጋለውን ድንጋይ ነው።

እኔ ብሆን ለአሥር ቀን ሦስት ቦታ ብቻ እመርጣለሁ። ማዱራይ ሁለት ሌሊት ማደር ግድ ነው። በሚናክሺ ቤተ መቅደስ ዙሪያ ባሉት መንገዶች ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው እንቡጥ ጃስሚን በክር ሲጎነጉኑ ይታያሉ፤ ገዢዋ እዚያው ፀጉሯ ላይ ትሰካዋለች። ማታ 3 ሰዓት ገደማ ካህናቱ የአምላኩን የሺቫን ምስል በመሸከሚያ አድርገው፣ በከበሮና በመለከት አጅበው ወደ ሚስቱ ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ይወስዱታል። ይህ በየምሽቱ የሚደረግ ነው። ሒንዱ ያልሆነ ሰው ቅድስተ ቅዱሳኑ ውስጥ ባይገባም ሰልፉን ከውጭ ማየት ይችላል። ያላደረ ሰው ግን ከየት ያየዋል?

ታንጃቩር ላይ ንጉሥ ራጃራጃ ቾላ በ1010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ግድም ያስጨረሰው ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም የግራናይት ቤተ መቅደስ አለ። ቁመቱ ያስደንቃል፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ግድግዳው ላይ የ400 ተወዛዋዥ ሴቶች ስም ከነመኖሪያቸው መቀረጹ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረች ተራ ሠራተኛ በስሟ የምትታወቅበት ቦታ ስንት አለ?

ከዚያ ወደ ኒልጊሪ ተራሮች። ከሜቱፓላያም ኡቲ የሚወጣው ባቡር በከፊል ጥርስ ባለው ሐዲድ 46 ኪሎ ሜትሩን በአምስት ሰዓት ያህል ይጨርሳል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ትኬቱ ቀድሞ ይቆረጥ። ኡቲ ከፍታዋ 2,200 ሜትር ግድም ነው፤ ባሕር ዛፏም ብርዷም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ሹራብ ይያዝ። ወሩ ጥር ወይም የካቲት ይሁን፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ዝናብ ነው።

ለሕክምና ቼናይ የምትሄዱ ወገኖች፣ ሐኪሙ ከፈቀደና ትርፍ ሁለት ቀን ካላችሁ ታንጃቩር ብቻ ሂዱ፤ እዚያም እደሩ።