ተበዳዩም ይጠየቅ

ሶፍትቦል በጀብራ ብዙም አይታወቅም፤ የልጆቻችን ጨዋታ እግር ኳስ ነው። ሆኖም ከሶፍትቦል ደንቦች አንዱ ለትምህርት ቤታችን የሚበጅ ይመስለኛል።

በሶፍትቦል ወርዋሪው ሁለት እጆቹን አገናኝቶ ለአፍታ ከቆመ በኋላ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ይወረውራል። ይህን ከጣሰ ዳኛው ጥፋቱን ያሳውቃል፤ ጨዋታውን ግን ወዲያው አያቆምም። መቺው የመጀመሪያውን ቤዝ በሰላም ከረገጠና ሯጮቹም ሁሉ ቢያንስ አንድ አንድ ቤዝ ካለፉ ጥፋቱ ይታለፋል። ይህ ካልሆነ የተበደለው ቡድን አሠልጣኝ ይመርጣል፦ ወይ የጨዋታውን ውጤት፣ ወይ ቅጣቱን። ቅጣቱ ለመቺው አንድ «ቦል» መቁጠር ነው፤ 4 ቦል የሞላለት መቺ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል።

በእግር ኳስም ዳኛው ለተበዳዩ ቡድን የሚጠቅም ከመሰለው ጨዋታውን ያስቀጥላል። ነገር ግን የሚወስነው እሱ ብቻ ነው።

በትምህርት ቤትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ደብተር የቀደደ ልጅ ይንበረከካል፤ ደብተሩ የተቀደደበት ግን ምን እንደሚሻ የሚጠይቀው የለም። ሽማግሌዎቻችን ሲያስታርቁ የተበዳዩን ቃል ሳይሰሙ ካሳ አይቆርጡም። እኛም እንጠይቀው፦ አዲስ ደብተር ይገዛልህ ወይስ የጠፋውን ጽሑፍ ይገልብጥልህ? ምርጫው የቂም መወጫ እንዳይሆን ሁለቱን አማራጮች አስቀድሞ ደንቡ ይወስናቸው። ድብድብና ዛቻ ግን ለልጆች ምርጫ የሚተዉ አይደሉም።

ወላጆችም በቤታችሁ ሞክሩት። የተጠየቀ ልጅ ፍትሕ ለእሱም እንዳለ ያውቃል።