ሸራና ስክሪን ለምን ይጣላሉ?

አንድ ሠዓሊ ለወራት ሥራ ሳይጨርስ ሲቀር የምንሰጠው ምክር የታወቀ ነው። "ትንሽ እረፍ"፣ "ከከተማ ወጣ በል"፣ "ስሜቱ ሲመጣ ይመጣል"። በቅንነት የሚባል ነገር ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። እንደኔ እምነት የታሰረው መንፈሱ ሳይሆን እጁ ነው። የታሰረ እጅ ደግሞ ከእረፍት ይልቅ መሣሪያ ሲቀየርለት ይፈታል።

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ለጽሑፎቼ ሥዕል ከሚሠሩልኝ ልጆችና ስቱዲዮዋቸው ሄጄ ካነጋገርኳቸው አንጋፋዎች ግን ሁለት ጎራ ሰምቻለሁ። አንዱ "በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል አይባልም" ይላል። ሌላው "ሸራ ያለፈበት ነው" ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን በሽታ አያዩም።

የሸራ በሽታ ፍርሃት ነው። ቀለሙም ብሩሹም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሸራ ፊት መቆም ማለት ኪስ ውስጥ ያለውን ብር አውጥቶ መወራረድ ማለት ነው። ሰው ሲወራረድ የሚያውቀውን ይመርጣል፦ የጥምቀት ጃንጥላ፣ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ፈረሰኛ። ይሸጣላ! እጅ መታሰር ማለት መቆም ብቻ አይደለም፣ ያንኑ መደጋገምም መታሰር ነው።

የስክሪን በሽታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ምንም ነገር አያስፈራም። የተሳሳተ መስመር በአንድ ቁልፍ ይጠፋል፣ ሰማዩ ሰማያዊ ካልሆነ ቀይ ይሁን፣ ቀይ ካልሆነ ወደ ሰማያዊ ይመለስ። ስለዚህ ሥራው አያልቅም። አንድ ወጣት ለአንድ የመጽሐፍ ሽፋን ያዘጋጃቸውን አማራጮች ሲያሳየኝ መቁጠር አቆምኩ። የትኛውን እንደሚወደው ስጠይቀው እሱም አያውቅም።

እንግዲህ የአንዱ በሽታ የሌላው መድኃኒት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ለዜና ተከታታይ የሚቀርበው ምሳሌ የጁሊ ምሕረቱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው ሠዓሊ፣ ካለፉት አሥር ዓመታት ገደማ ወዲህ ብዙ ሥራዎቿን ከባዶ ሸራ አትጀምርም። እኔና እናንተ ስልካችን ላይ በአውራ ጣት ገፍተን የምናልፈውን ዓይነት የዜና ፎቶ ትወስዳለች፤ የተቃውሞ ሰልፍ፣ የእሳት ቃጠሎ። በኮምፒውተር ታደበዝዘዋለች፣ ሰውና ሕንፃ እስከማይለይ ድረስ። ያ ብዥታ ሸራው ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው የቀለም ንጣፍ ይሆናል። ከዚያ በእጇ ትጭርበታለች፣ ትፍቃለች፣ እንደገና ትደርባለች።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያስረከበቻቸው ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች፣ እያንዳንዳቸው ከ8 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው፣ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መልክዓ ምድር ሥዕሎችን ከዘመናችን የዘር ግጭት ፎቶዎች ጋር በኮምፒውተር አዋሕዳ መነሻ አደረገቻቸው። የሳለቻቸው ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ባቆመ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ስቱዲዮ አልበቃቸውም።

እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የሠራው ሥዕሉን አይደለም። ባዶነቱን ነው ያነሳላት። ብሩሽ የያዘ እጅ "ምን ልሳል?" ብሎ ከመጨነቅ ይልቅ ፊቱ ላለው ነገር መልስ መስጠት ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ በጣም የቀለለ ጥያቄ ነው።

"ያ ለእሷ ነው፣ ለእኛ የት?" የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ያነጋገርኩት አንድ ሠዓሊ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። በከሰል ወረቀት ላይ በፍጥነት ይጭራል። ቀን ብርሃን ላይ በስልኩ ያነሳዋል። ክሪታ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ከፍቶ መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፣ ጨለማውና ብርሃኑ የት እንደተዛባ ቶሎ ይታያልና። ከዚያ ቀለም ይሞክራል፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ሰዓቱ ሲያልቅ የሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ያሳትመዋል፣ ወረቀቱን ጣውላ ላይ በኮላ ይለጥፍና በላዩ በአክሪሊክ ይሠራል። አሁን የሚመለስ ቁልፍ የለም። ስክሪን ላይ የበራው ቀይ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ ያናድደው ነበር፣ አሁን ግን ብሩሹን እንዲያነሳ የሚገፋፋው ያ ጉድለት ነው።

በነገራችን ላይ ይህን "ባህል ማበላሸት" የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሳሉ አይደሉም። በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። የሚመቸውን መንገድ መፈለግ የእነዚያ ሠዓሊዎችም ሥራ ነበር።

ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከሌላኛው አቅጣጫ መጣ። መርካቶ የሚጣለውን የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ሽቦ እየለቀመ በእጅ ይሸምነዋል፣ ይለጥፈዋል፤ ሥራዎቹ ዓለም አቀፍ ሙዚየሞች ገብተዋል። ማንም "ዲጂታል ነው ወይስ የእጅ?" ብሎ አላስጨነቀውም።

ሌሎቹን ግን እናስጨንቃለን። ገዢው "በእጅ ነው?" ይላል፣ "ግማሹ" ከተባለ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጣል። በሌላ በኩል አሠሪው "በኤአይ በደቂቃ የሚወጣልኝን ለምን እከፍላለሁ?" ይላል። በደቂቃ የሚወጣው ምስል የሠዓሊውን እጅ አይፈታም፤ ሠዓሊውን ነው የሚያስቀረው። በሁለቱ መሃል የቆመው ልጅ ታብሌቱን ደብቆ "ሙሉ በሙሉ በእጅ" እያለ መዋሸት ይጀምራል።

ስለዚህ ለጋለሪዎችና ለውድድር አዘጋጆች ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ከሥዕሉ ሥር "ዘይት ቀለም በሸራ ላይ" ብላችሁ እንደምትጽፉት ሁሉ "ከሰል፣ ዲጂታል ኅትመትና አክሪሊክ በጣውላ ላይ" ብላችሁ ጻፉ። ዋጋውንም በዚያው ደረጃ ለጥፉት።