በ8 ለ8 ያለፈች ኳስ በ24 ለ24 ለምን ትቀጣለች?

በቅርቡ አንድ የመረብ ኳስ ግጥሚያ ቆሜ አይቼ ነበር። የማን ከማን እንደነበር ልተወው። የዳኛውም ስም ይቅር፤ የሱ ጥፋት የብዙዎች ጥፋት ነውና። አራተኛው ዙር 24 ለ24 ደርሷል፤ ተመልካቹ ትንፋሹን ውጧል። አመቻቹ፣ ማለትም ለመቺው ኳስ የሚያዘጋጀው ልጅ፣ ሁለተኛዋን ኳስ በጣቶቹ ወደ ላይ ላካት። ኳሷ ትንሽ እየተሽከረከረች ወጣች። ፊሽካ! ዳኛው ሁለት ጣቱን ቀሰረ፤ “ሁለቴ ነካ” ማለቱ ነው። ልጁ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቀረ። ለምን አይጭን? ያንኑ የመሰለች ኳስ በዚያው ዙር 8 ለ8 ላይ ሲያቀብል፣ በኋላም ደግሞ ሲያቀብል፣ ዳኛው ዝም ብሎ አሳልፎታል። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት “ጠዋት የተፈቀደ ማታ ተከለከለ እንዴ ልጄ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሕጉ አጭር ነው። ኳስን መያዝ ወይም መወርወር አይቻልም፤ ነክቶ መመለስ ብቻ ነው የተፈቀደው። አንድ ተጫዋች በተከታታይ ሁለት ጊዜ መንካትም አይችልም (ብሎክ ላይ ሌላ ነው)። ከተቃራኒ ሜዳ የመጣችው የመጀመሪያዋ ኳስ ግን ልዩ መብት አላት፤ በአንድ እንቅስቃሴ እስከሆነ ድረስ ክንድንም ደረትንም ተከታትላ ብትነካ ጥፋት የለም። ተመልካቹ “ደብል! ደብል!” እያለ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህችው ላይ ነው፤ በከንቱ። መያዝ ግን በመጀመሪያዋም ኳስ ላይ ጥፋት ነው።

ለመሆኑ “ያዘ” የሚባለው ስንት ጊዜ ሲቆይ ነው? ሕጉ ቁጥር አልሰጠም። የመረቡ ከፍታ ለወንድ 2.43፣ ለሴት 2.24 ሜትር ተብሎ በልክ ተቀምጧል፤ የመስመሩ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለመያዝ ግን ሜትር አልተሠራለትም። ለአንደኛው ዳኛ ዓይንና ኅሊና ተተወ። ሁለተኛው ዳኛ ሳያፏጭ በምልክት ቢጠቁም እንጂ ድርቅ ብሎ መከራከር አይችልም። በታላላቆቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ኳሷ መስመር ነካች አልነካች ተብሎ ቪዲዮ ይታያል፤ በኳስ አያያዝ ጥፋት ላይ ግን ቪዲዮ አይጠየቅም። ማማው ላይ የቆመው ሰው ያለው አለቀ ማለት ነው። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የመታው ቡድን ብቻ ስለነበር አንዳንዷ የተሳሳተች ፊሽካ ሰርቭ ብቻ አሳልፋ ትቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከጸደቀው ለውጥ ወዲህ ግን እያንዳንዷ ፊሽካ ነጥብ ናት።

እንዲህ ያለ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ታዲያ ምን ያያል? ብዙዎቹ እጁን አያዩም። ኳሷ ከእጅ ከወጣች በኋላ ስትሽከረከር አይተው ያፏጫሉ። ይኸ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መሽከርከር ጥርጣሬ ያስነሳል እንጂ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ብልጡ አመቻች ኳሷን ለአፍታ መዳፉ ውስጥ አሳርፎ፣ አለስልሶ፣ ምንም ሳትሽከረከር ይለቃታል፤ ተመልካች ያጨበጭባል፤ ዳኛውም አብሮ ይደነቃል። የተያዘችው ግን እሷ ናት! ሌላው ደግሞ ወድቆ፣ ተጣሞ፣ እግሩ ተጠላልፎ ያቀበለ ተጫዋች ነው። ሰውነቱ ስላላማረ ብቻ ይፏጭበታል፤ ጣቶቹ ግን ንጹሕ ነበሩ። የሚፈረደው በአቋቋሙ ሳይሆን ኳሷ እጁን በነካችበት ቅጽበት ነው። ያቺን ቅጽበት ለማየት ዳኛው ዓይኑን ከኳሷ አስቀድሞ ወደ መቺው መላክ የለበትም። ይኸ ቀላል ይመስላል፤ ማማው ላይ ላልወጣ!

አሜሪካኖቹ መላ አገኘን ብለዋል። ከ2024 የውድድር ዘመን ጀምሮ በኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ፣ ሁለተኛዋን ኳስ ተጫዋቿ ሁለቴ ብትነካትም፣ ኳሷ ወደ ተቃራኒ ሜዳ እስካልተሻገረች ድረስ ጥፋት መሆኑ ቀርቷል። ጨዋታው አይቆራረጥም፤ ጭቅጭቁም ይቀንሳል። እውነት ነው። ለኔ ግን ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ዳኛውን በአንድ ቁና እንዲሰፍር ማድረግ ሲያቅት ጥፋቱን ራሱን መሰረዝ! ጣቱን ለዓመታት የገራው ልጅ ካልገራው በምን ሊለይ ነው? ደግሞስ መያዝ አሁንም ለዓይን የተተወ አይደል?

እኔ የምጠይቀው ጥብቅ ዳኛ አይደለም፤ ልልም አይደለም። ጥብቅ ከሆነ ከመጀመሪያው ዙር ከመጀመሪያዋ ኳስ ይጥበቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ተጫዋቹ ልኩን ያውቅና እጁን ያስተካክላል። ለቀቅ የሚያደርግ ከሆነም እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ለሁለቱም ቡድን ይልቀቅ። ይኸ ምኑ ከባድ ነው?

የዚያን ቀን አምበሉ ወደ ማማው ሄዶ ማብራሪያ ጠየቀ፤ ዳኛው አሁንም ሁለት ጣቱን አሳየው። 25 ለ24። በሚቀጥለው ኳስ አመቻቹ ጣቶቹን አላነሳም፤ ፈርቷል። ኳሷን በክንዱ ገፋት፤ ዝቅ ብላ ከመረቡ ርቃ ሄደች፤ መቺው ተንጠራርቶ መታትና መረቡ ውስጥ ሰካት። 26 ለ24።