ምሳው በነፃ፣ ሥራውስ?

ጉግል የተቀጠረ ሰው ሲነሣ ሎተሪ የደረሰው ያህል እናጨበጭባለን። ምሳ በነፃ፣ ሰርቪስ በነፃ፣ ከደመወዙ ሌላ አክሲዮን! ማን ይጠላል? ጣጣውንም ግን እንይ እንጂ። የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ወደ 12,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። ብዙዎቹ ስንብታቸውን ያወቁት በኢሜይል ነው። አሜሪካ ላሉት ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ይህ አይካድም። በኤች ዋን ቢ ቪዛ ለሚሠራ የውጭ ዜጋ ግን ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ሥራው ካበቃ በኋላ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ወይም ሌላ ቪዛ ካላገኘ አገሩን መልቀቅ አለበት። ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ አባት ምን ይሁን? አትቀጠሩ አልልም። ተቀጠሩ፣ ሥራውን ልመዱ፣ ገንዘቡንም ቆጥቡ። ኩባንያውን ግን እንደ ቤታችሁ አትቁጠሩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!